እሑድ የታየ ቤት

ጁነዲን አርፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ውስጥ የሱ የጫማ ሱቅና የኔ የብርድ ልብስ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እግሩ ወለሉን ሲደበድብ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ነው ዓመት ከዓመት የነገድኩት። ደንበኛ እያናገረ ካርቶን ይደረድራል፣ ካርቶን እየደረደረ ስልክ ያወራል፣ ስልክ እያወራ ሳያስበው እኔ ሱቅ ገብቶ ብርድ ልብሴን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ይወጣል። «ልትገዛው ነው ወይስ ልታሞቀው?» እለዋለሁ። አይሰማኝም። ጎጃም ያሉት አባቴ ቢያዩት ኖሮ በገመድ አስረው ያስቀምጡት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን ሩጫው መልኩን ለወጠ። ድሮ የሚሮጠው ገበያ ደርቶለት ነው፤ አሁን የሚሮጠው ፈርቶ ነበር። ሚስቱ ራዲያ አስም አለባት። ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት በርበሬ በረንዳ ጀርባ ባለች የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ሰፈር በርበሬ ይራገፋል፣ ይቀነጠሳል፣ ይፈጫል፣ ይጫናል፤ በነፋስም በሰው ልብስም እየሆነ ቤት ድረስ ይገባል። ራዲያ በጀርባዋ ተጋድማ መተኛት ከተወች ቆይታለች። ትራስ ደርድራ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ነው የምታነጋው። በዚያ መስከረም ሆስፒታል ገብታ ስትወጣ ሐኪሙ ጁነዲንን ለብቻው ጠርቶ «መድኃኒቱ እስካሁን አቆይቷታል። ከዚያ አየር ካላወጣሃት ግን አንድ ቀን ሳትደርስላት ትቀራለህ» አለው። ጁነዲን ይህን ሲነግረኝ በእጁ የያዘውን ጫማ ማሰሪያ እየፈታ መልሶ እያሰረ ነበር።

ኪራይ አልፈለገም። «ደግሞ የሰው ግቢ ወስጃት፣ ደግሞ በስድስት ወር ውጡ ልባል?» አለ። እቁቡ በዚያው ሰሞን ደረሰው፤ የጎደለውን ወንድሞቹ ሊሞሉለት ተስማሙ። ችግሩ ቤት ገዝቶ አለማወቁ ነው። አባቱም ገዝተው አያውቁም። እኛ የመርካቶ ሰዎች ሱቅ የምንይዘው በቁልፍ ነው፤ ለቁልፉ ትከፍልና ትገባለህ፣ ግድግዳው የማን እንደሆነ ብዙም አትመራመርም። መኖሪያ ቤት ግን ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። ስለዚህ ጁነዲን ያገኘውን ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመረ።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነገር ቢኖር ምክር ብቻ ነው። ሸማ ተራ ያሉ አንድ አዛውንት «ካርታው በማን ስም እንደሆነ እይ፤ ሟች ካለበት ወራሾቹ አንድ ሳይቀሩ ይፈርሙልህ» አሉት። ጭድ ተራ ያለ አንድ ወዳጁ «ግድግዳው ግርጌ የጭቃ መስመር ካለ ክረምት ላይ ጎርፍ ገብቶበታል ማለት ነው። ቀለም ቀብተውት እንደሆነ ዝቅ ብለህ በጥፍርህ ፋቅ አድርገው» አለው። ሌላው፣ ባንክ ይዞት ወይም ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ፣ መንገድም የሚያልፍበት እንደሆነ ክፍለ ከተማ ሄደህ አጣራ አለው። እኔም የበኩሌን አልነፈግሁትም፤ «ሳሎኑን ተወው፣ ሳሎን ማንም ያሳምራል። ሽንት ቤቱን እይ» አልኩት። ሁሉንም ሰማ፤ የሰማውን ሁሉ ደግሞ አደረገ። አንድ ቤት ውስጥ እንዲያውም የሽንት ቤቱን ጉድጓድ በባትሪ ሲመረምር የቤቱ ሠራተኛ ሌባ መስሏት ልትጮህበት ነበር።

ደላላው ቦጋለ ይባላል፤ አንደበቱ ቅቤ ነው። ቤት የሚያሳየን እሑድ እሑድ ነበር። ሌላ ቀን ከየት ይመጣል? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ቤት ሲዞር የሚውል ነጋዴ ዱባይ ተራ አላበቀለችም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ጁነዲን በራፌ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይጠብቀኛል። አንዱ ቤት ከወራሾቹ ገሚሶቹ አረብ አገር ናቸው ተብሎ ቀረ። አንዱን መንገድ ይቆርጠዋል ተባለ። አንዱ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነበር፤ እሱን ጁነዲን ራሱ ከሩቅ አይቶ ተመለሰ። አንድ ቤት በከሸፈ ቁጥር ፊቱ ይገረጣል። በታክሲ ስንመለስ ስለ ቤቱ አያወራም፤ ራዲያ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደታፈነችበት ነው የሚያወራኝ።

ኮልፌ በኩል ያለውን ቤት ያየነው ኅዳር ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ወሰንየለሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውም ትዳር ይዘው የወጡላቸው ሴት ናቸው። ግቢው ሰፊ ነው፣ መሀሉ ላይ የዘይቱን ዛፍ አለው፤ ሰፈሩ ደግሞ ጭር ያለ ነው። ካርታው በራሳቸው ስም ነው፤ ዕዳም እግድም የለበትም። ጁነዲን ይዞት የመጣው ግንበኛ፣ ቶላ የሚባለው፣ ግድግዳውን በሚስማር ወጋ ወጋ አድርጎ፣ ጣሪያውን ወጥቶ አይቶ፣ «ይሄ ቤት ነው» አለ። ከአጥሩ ማዶ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ቤት ይታያል።

«እሱስ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«መጋዘን ነገር ነው» አለ ቦጋለ፤ አስከትሎም ስለ ውኃው ጥራት ማውራት ጀመረ። እትዬ ወሰንየለሽ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት ይመለከታሉ። ጁነዲን ግቢው መሀል ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱ እስኪሞላ አየር ሳበ።

«አየኸው? ምንም የለም» አለኝ። «ንጹሕ ነው።»

«ራዲያን መቼ ታመጣታለህ?»

«ሰርፕራይዝ ነው የማደርጋት።»

«ጫማ ስትሸጥ እግሩን ሳታይ ቁጥር ትሰጣለህ?»

«አንተ ደግሞ ነገር ማወሳሰብ ትወዳለህ። በየታክሲው ሳንገላታት ታማ ትወድቅብኛለች። ሁሉ ነገር አልቆ ትግባበት።»

በሚቀጥለው እሑድ ቀብድ ተከፈለ። ሐጂ ኑሪ፣ ተራችን ውስጥ የሁላችንንም ጠብ የሚዳኙ ትልቅ ሰው፣ መሀል ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ፤ እኔም በበኩሌ አሜን አልኩ። የቀረው ክፍያና ፊርማ ለዓርብ ተቀጠረ። መርካቶ ውስጥ ወረቀት የመንግሥት ነው፤ በእኛ በነጋዴዎቹ መካከል የሚሠራው ቃል ነው። ጁነዲን ከአስመጪዎች ቤት ጫማ በአይሱዙ አስጭኖ የሚወጣው ሳይፈርም፣ በአፉ ብቻ ነበር። ቃሉን የበላ ሰው ግን በማግሥቱ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ካልመጣ ዕቃ የሚያወጣለት የለም። በሐጂ ኑሪ ፊት በዱዓ የታሰረ ነገር ሲፈርስ ደግሞ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

ያን ሳምንት ጁነዲን ባሰበት። ወፍ ሳይንጫጫ ኮልፌ ሄዶ የግቢውን በር አይቶ ይመለሳል፤ ማታ ሱቅ ዘግቶ ደግሞ ይሄዳል።

«ቤቱ ያመልጣል ብለህ ነው?» አልኩት።

«አንድ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል።» ካርታውን አይቷል፣ ግድግዳውን አይቷል፣ የሽንት ቤቱን ነገርስ ተዉት። በጣቱ ይቆጥራል፣ ይጨርሳል፣ እንደገና ከአውራ ጣቱ ይጀምራል። እኔንም በሽታውን አስያዘኝ፤ ሒሳብ እየሳትኩ መልስ አብዝቼ ስሰጥ ዋልኩ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ራዲያ ራሷ መጣች። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ የፎቁን ደረጃ እያረፈች ወጥታ፣ የገባችው ባሏ ሱቅ ሳይሆን እኔ ሱቅ ነው።

«ጋሽ ማስረሻ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ። «ይሄ ሰውዬ ሌላ ሴት ይዟል? ጎህ ሳይቀድ እየወጣ ነው የሚሄደው።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ሴት አይደለችም፤ ቤት ናት» አልኳት። ጁነዲን ከግድግዳው ማዶ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ለማን ነው የገዛኸው?» አለችው።

«ላንቺ ነዋ።»

«እንግዲያው ልየው።»

«ዓርብ ይለቅና…»

«አሁን ነው ያልኩህ።»

በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ የጁነዲን ሱቅ ሲዘጋ የተራው ሰው መርዶ የመጣ መስሎት ወጥቶ አየን። የሱ ሱቅ ሲዘጋ የኔም ተዘጋ፤ ብቀር ማን ሊነግረኝ ነው።

ከታክሲ ወርደን ወደ ውስጠኛው መንገድ ስንታጠፍ ቀድሞ ጆሮዬ የገባው የሞተር ጓጓታ ነው። ያ «መጋዘን ነገር» በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሴቶች በጆንያና በማዳበሪያ ተሸክመው ወረፋ ይዘዋል። ደጃፉ ላይ ያለው መሬት ቀልቷል፤ የእትዬ ወሰንየለሽ የዘይቱን ዛፍ እንኳ በዚያ በኩል ያለው ቅጠሉ፣ እሑድ ልብ ያላልነው፣ ቀላ ብሏል። ደጋግሜ አነጠስኩ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ጁነዲን ግን ፈገግ እንዳለ የራዲያን ክንድ ይዞ «ያ ዛፍ ይታይሻል? በሩ እሱ ጋ ነው» ይላል።

ራዲያ ቆማለች። ሻሿን በሁለት እጇ አፏ ላይ ጭናዋለች።

«ምን ሆናችሁ?» አለን ጁነዲን።

የምር ነው የጠየቀው። ዓይን ዓይኑን እያየሁት ማመን አቃተኝ። ይሄ ሰው ከትንሽነቱ ጀምሮ በርበሬ በረንዳ ነው ያደገው፤ ለሱ አየር ማለት በርበሬ ያለበት ነገር ነው። «ወፍጮ ነው፤ የበርበሬ ወፍጮ። አይሸትህም?» ብዬ ጮህኩበት። አየሩን ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። «አይሸተኝም» አለ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ጠዋት ሲመጣ ወፍጮው አልተከፈተም፣ ማታ ሲመጣ ተዘግቷል፣ እሑድ ጭራሽ አይሠራም። ደግሞም ሲፈጭ ቢመጣ ኖሮ እንኳ ድምፁን ሰምቶ እህል ነው ብሎ ይመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስታወስ አልወድም። ራዲያ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ሁሉ ተገተረ። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥተን ሰጠናት፣ አልበቃትም። ጁነዲን አቅፏት እስከ ዋናው መንገድ ሮጠ፣ እኔ የወደቀ ጫማዋን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አስቀመጥናት። ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ ያየችው ባሏን ነው።

«እዚህ ከምታስገባኝ እዚያው ተወኝ» አለችው፣ ቃል በቃል እያረፈች። «እዚያ ቢያንስ ስወድቅ የሚያነሱኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ሐጂ ኑሪ ሱቅ ተሰበሰብን። ደላላው ቦጋለ ታሟል ተባለ። እትዬ ወሰንየለሽ ግን መጡ።

«እናቴ፣ ለምን ሳይነግሩኝ?» አላቸው ጁነዲን። ወዲያ ወዲህ እያለ ነበር፤ ሐጂ ኑሪ በእጃቸው ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

እትዬ ወሰንየለሽ አልተቆጡም። «ያን ቤት ከባለቤቴ ጋር ስንሠራ ከአጥሩ ማዶ ሜዳ ነበር። ወፍጮው በኋላ መጣብኝ። እኔስ በምን ምክንያት የምሸጠው ይመስልሃል? ሰኞ መጥተህ ብታየው ትገዛኝ ነበር?» አሉት። እውነት ለመናገር እኔ ልቆጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ቁጣዬ ግን በረደ። የሰጣቸውን ቀብድ እሳቸውም ለሚገዙት ሌላ ቤት ቀብድ አድርገውታል፤ የሚመልሱት የላቸውም። ደንቡም ቢሆን ገዢው ከቀረ ቀብዱ ቀረበት ነው።

ሐጂ ኑሪ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ። «ስማ ልጄ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ቤቱን ውሰድና ለሌላ ሰው መልሰህ ሽጠው። ስምህም ይተርፋል፣ ገንዘብህም ይመለሳል።»

«እስኪሸጥ ራዲያ የት ትቆያለች?»

«እስካሁን በቆየችበት።»

ጁነዲን መራመዱን አቆመ። «ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ቃሌ ይጥፋ።»

ሐጂ ኑሪ ባይቆጡም ደስ አላላቸውም፤ ዱዓቸው ነው የፈረሰው። እኔ ግን በጁነዲን ኮራሁበት፣ ይህን ለመሸሸግም አልሞከርኩም። ያ ተረት ራሱ የሚያናድደኝ ከድሮ ጀምሮ ነው፤ ያወጣው ሰው ልጅ ያልነበረው መሆን አለበት።

ኮራሁ እንጂ ኩራቴ ጫማ አላመጣለትም። በሳምንቱ ወሬው ተራውን አዳረሰ። ትናንት በአፉ ዕቃ የሚሰጡት አስመጪዎች «ጁነዲን፣ ዛሬ ካሽ ይዘሃል?» ማለት ጀመሩ። መደርደሪያው ሳሳ፤ የሚደረድረው ጫማ ሲያጣ ባዶ ካርቶን ይደረድር ነበር። የእትዬ ወሰንየለሽን ቤት ደግሞ ወዲያው አንድ የበርበሬ ነጋዴ ገዛው። ወፍጮ አጥሩ ሥር ያለበት ቤት ሲያገኝ ደስታውን አልቻለውም ብለው ነገሩን። ጁነዲን ይህን ሲሰማ መሳቅም መናደድም አማረውና ሁለቱንም ሳያደርግ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ቤት የምታየው ራዲያ ሆነች። የምታየውም በሥራ ቀን ነው፤ ጁነዲን ሱቅ ይዘጋል፣ ወይም እኔ ሁለቱንም ሱቅ እጠብቃለሁ። አዲስ ደላላ ተያዘ፤ እሱም ቶሎ ተሰላቸ። ምክንያቱም ራዲያ ሳሎን አትገባም፣ ሽንት ቤትም አታይም፤ በርጩማ ለምና ግቢው መሀል ትቀመጣለች። ሻሿን ከአፍንጫዋ አውርዳ አየሩን ቀስ እያለች ትስባለች። ከዚያ ተነስታ ጎረቤት ታንኳኳለች፤ እዚህ ሰፈር ምን ይሠራል፣ በየትኛው ቀን፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል እያለች ትጠይቃለች። ካርታውንና ዕዳውን ጁነዲን የሚያጣራው እሷ እሺ ካለች በኋላ ነው። አንዱን መኪና ቀለም የሚረጭ ጋራዥ አጠገቡ አለ ብላ ተወችው፣ አንዱን ዶሮ ይረባበታል ብላ። ጁነዲን ከአጥር ውጭ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ አሾፍበታለሁ።

መጋቢት ላይ ካራ ቆሬ አለፍ ብሎ አንዲት የጭቃ ቤት አገኘች። ሁለት ክፍል ናት፣ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ በሯ የማይገጥም። ጁነዲን ሲያያት ልቡ ወደቀ።

«ይቺ ናት? ከዚያ ሁሉ በኋላ?» አላት።

ራዲያ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው። «ቆርቆሮው ይቀየራል» አለችው።

እንደገቡ በመጀመሪያው እሑድ አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሜዳው ላይ ይሮጣሉ። ጁነዲን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል፤ ከዚያው ሆኖ ስለ ገበያው፣ ስለ ሚስማሩ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ በአንድ ትንፋሽ ያወራኛል። ምሳ ደርሶ ስለነበር ራዲያን ሊጠራ መዶሻውን እንደያዘ ወርዶ ወደ ውስጥ ገባ።

ወዲያው ስሜን ጠርቶ ሲጮህ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። ራዲያ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች። ትራሶቹ መሬት ላይ ናቸው። እጆቿ በሁለት ጎኗ ተዘርግተዋል፣ አፏ ተገጥሟል፤ ያ ሁላችንም የለመድነው የሚያፏጭ ትንፋሽ የለም። ጁነዲን በአንድ እጁ ትከሻዋን ይዞ እየነቀነቀ ስሟን ይጠራል። እኔ የበሩን መቃን ያዝኩ።

ዓይኗን ገለጠች። እሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ምነው? ሰው አይተኛም እንዴ?» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ብዙም ሳትቆይ እንቅልፉ መልሶ ወሰዳት።

ጁነዲን ከፊቴ ቀድሞ ወጣ። ደጃፉ ላይ ስደርስ መዶሻው አሁንም በእጁ ነበር።

«እንዲህ እንደምትተኛ ረስቼው እኮ ነው፣ ማስረሻ» አለኝ። «የሞተች መስሎኝ።»

ከዚያ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ አለቀሰ።